ጅምላ ፍረጃን የሚሞግት ንግግር እንዴት ይጻፋል? ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ መድረኩ

«እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» የሚል አባባል ሰምታችሁ አንጀታችሁ ያረረበት ቀን ይኖራል። ስለ አንድ ሕዝብ ሊሆን ይችላል። ስለ ሴቶች፣ ስለ አካል ጉዳተኞች፣ ወይም ስለ አንድ እምነት ተከታዮች ሊሆን ይችላል። ያንን አባባል በመድረክ ላይ ለመሞገት የምትዘጋጁ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። የክፍል ንግግርም ሆነ የስብሰባ፣ ሥራው ያው ነው።

ከመጀመራችን በፊት የማምንበትን ልናገር። እንዲህ ዓይነት ንግግር የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ ተናጋሪው እውነት ስላጣ አይደለም። እውነቱን ያለ ተራው ስለሚያመጣው ነው። ገና ማይኩን እንደያዘ አድማጩን ይከሳል። አድማጩም ጆሮውን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ማስረጃ ቢደረድር የሚሰማው የለም። ስለዚህ ስለ ቃላት ከማውራታችን በፊት ስለ ፍረጃው ራሱ፣ ስለ አድማጩና ስለ ቅደም ተከተሉ እናስባለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ፍረጃውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

«ጅምላ ፍረጃን እቃወማለሁ» የሚለው ርዕስ በጣም ሰፊ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይስማማል፤ ራሱን የሚያይበት ግን የለም። ሰዎች በእውነት የሚሉትን፣ በሚሉበት አነጋገር ጻፉት። ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ እንዲሆነን አንድ እንያዝ፦ «ከሌላ አገር የመጡት ጎረቤቶቻችን ከእኛ ጋር መቀላቀል አይፈልጉም።» የትም ዓለም ቢሆን የሚሰማ አባባል ነው።

አሁን ከሥሩ ሦስት ጥያቄ መልሱ። ይህን የሚለው ማን ነው? ምን አይቶ ነው? ይህን ማለቱስ ከምን ይገላግለዋል?

ሦስተኛው ላይ ቆዩ። ፍረጃን ተራ የመረጃ ስህተት አድርገን ካየነው እንሳሳታለን፤ ፍረጃ ሥራ አለው። «መቀላቀል አይፈልጉም» ያለ ሰው በራቸውን ከማንኳኳት ተገላግሏል። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር አይጠራቸውም። ለምን ቢባል «ቢጠሩም አይመጡ» ይላል። ንግግራችሁ መድረስ ያለበት እዚህ ድረስ ነው። አባባሉ ለተናጋሪው የሚሰጠውን ምቾት ካልነካችሁ፣ አድማጩ አጨብጭቦላችሁ ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል።

ደረጃ 2፦ ለማን እንደምትናገሩ ወስኑ

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው አለ። ፍረጃውን አጥብቆ የያዘ፣ ፍረጃው የሚደርስበት፣ እና ብዙም ሳያስብበት ከሰው አፍ ተቀብሎ የሚደግም። እኔ የምመክረው ለሦስተኛው እንድትጽፉ ነው። የመጀመሪያውን በሰባት ደቂቃ አትለውጡትም። ሁለተኛው ጉዳዩን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ሦስተኛው ግን ልቡ ክፍት ነው፤ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚበልጠው የእሱ ነው።

ይህን ስል ሁለተኛውን ሰው እርሱት ማለቴ አይደለም። ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አድርጋችሁ አስቡት። እሱን አንገቱን የሚያስደፋ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ምንም ያህል ቢያምር አውጡት።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጃክ ብሬም በ1966 ያቀረበው አንድ ሐሳብ እዚህ ይረዳናል። ሰው የመምረጥ ነጻነቱ እንደተነካ ሲሰማው፣ የተከለከለውን ነገር ጭራሽ አጥብቆ ይይዛል። «እንዲህ ልታስቡ አይገባም» የሚለው ትእዛዝ ይህንኑ ነው የሚያመጣው። አድማጩ ድምዳሜው ላይ በራሱ እግር ሲደርስ ግን የሚታገለው ሰው አይኖርም።

ደረጃ 3፦ እውነቱ የት ድረስ እንደሆነ ለዩ

ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ በ2009 ቴድ (TED) በተባለው የንግግር መድረክ ላይ ስለ ነጠላ ታሪክ አደጋ ተናግራ ነበር። ከተናገረችው ውስጥ የዚህ ሥራ ቁልፍ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ነጥብ አለ። የፍረጃ ችግሩ ውሸት መሆኑ ሳይሆን ጎዶሎ መሆኑ ነው ትላለች። አንዱን ታሪክ ወስዶ ብቸኛ ታሪክ ያደርገዋል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ጎረቤቶቹ ስብሰባ ላይ አለመምጣታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ይህን ከካዳችሁ አድማጩ በዓይኑ ያየውን ነው የምትክዱት፤ ከዚያ በኋላ አያምናችሁም። እመኑለት። «አዎ፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ አልነበሩም» በሉ። ከዚያ ጎዶሎውን ሙሉ። ስብሰባው የተጠራው የማታ ፈረቃ በሚገቡበት ሰዓት ነው። ማስታወቂያው የወጣው ገና በሚማሩት ቋንቋ ነው። ደውሎ የጠየቃቸውም ሰው የለም። ያኔ ባሕርይ ይመስል የነበረው ነገር ሁኔታ ሆኖ ይታያል። ሁኔታ ደግሞ ይለወጣል።

ሁሉም ፍረጃ ግማሽ እውነት አለው ብላችሁ ግን አትነሱ። አንዳንዱ በደልን ለመሸፈን ሲባል የተፈጠረ ንጹህ ውሸት ነው። ባሪያ አሳዳሪዎች ስለ ባሪያዎቻቸው አእምሮ ያወሩት የነበረው እንዲህ ያለ ነው። እዚያ ላይ «እውነትም አላችሁ፣ ግን» ማለት ነውር ይሆናል። ለዚህኛው ሌላ መንገድ አለ፤ አሁን እንደምናየው።

ደረጃ 4፦ ቅደም ተከተሉን ሥሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህኛው ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ። ሦስት ንግግሮችን ብንፈታታ ብዙ እንማራለን።

የመጀመሪያው ፍሬድሪክ ዳግላስ ጁላይ 5 ቀን 1852 በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ያደረገው ነው። ዳግላስ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው። ባርነትን የሚቃወሙ የከተማው ሴቶች ማኅበር ስለ አሜሪካ የነጻነት በዓል እንዲናገር ጋበዘው። በትሕትና ጀመረ። ከዚያ አገሪቱን የመሠረቱትን ሰዎች አመሰገነ፤ ጀግኖች ነበሩ አለ። ምስጋናው ረጅም ነው፤ ለይምሰል የተወረወረም አይደለም። አድማጩ ደረቱን ነፋ። ግን በጥንቃቄ ላዳመጠው ሰው አንድ ነገር ይሰማል። ዳግላስ «አባቶቻችሁ» ነው የሚለው እንጂ «አባቶቻችን» አይልም።

ከዚያ ንግግሩን አዞረው። ይህ በዓል የእናንተ ነው፣ የእኔ አይደለም፤ እናንተ ትደሰታላችሁ፣ እኔ ማዘን አለብኝ አለ። ቁጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አድማጩ ግን መውጫ አልነበረውም። ነጻነት ታላቅ ነገር መሆኑን ከደቂቃዎች በፊት በደስታ ተቀብሏል።

ንጹህ ውሸት የሆነውን ፍረጃ እንዴት እንደመታውም ልብ በሉ። ባሪያው ሰው መሆኑን ላረጋግጥላችሁ ወይ? ሲል ጠየቀ። እምቢ አለ። ይህን እኮ ራሳችሁ አምናችኋል አላቸው። በቨርጂኒያ ግዛት ጥቁር ሰውን ለሞት የሚያበቁ 72 ወንጀሎች እንዳሉ፣ ነጭን ለዚያ ቅጣት የሚያበቁት ግን ሁለት ብቻ እንደሆኑ ጠቀሰ። ባሪያን ማንበብ ማስተማር የሚከለክሉትን ሕጎችም አነሣ። ማሰብ የማይችልን ፍጡር ማን በሕግ ይቀጣል? ማንበብ የማይችልን ማን እንዳያነብ ይከለክላል? ማስረጃውን ያወጣው ከራሳቸው የሕግ መጽሐፍ ነው። የእናንተም ፍረጃ እንዲህ ያለ ውሸት ከሆነ የተፈረጁትን ሰዎች ሰውነት ለማስረዳት አትድከሙ። ፈራጁ ራሱ በተግባር ያመነበትን ፈልጉና አሳዩት።

ሁለተኛው የአዲቼ ነው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። በልጅነቷ የውጭ መጻሕፍት ብቻ በማንበቧ ስለ ራሷ የነበራትን ጠባብ ግንዛቤ ታወራለች። ቀጥላ ቤታቸው ይሠራ የነበረውን ልጅ ታነሣለች። ስለ ቤተሰቡ የሰማችው ድህነታቸውን ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን የልጁ ወንድም የሠራውን የሚያምር ቅርጫት አይታ ደነገጠች። ከዚህ በኋላ ነው አሜሪካ ውስጥ አብራት የኖረችውን ተማሪ የምታመጣው። ተማሪዋ እንግሊዝኛ የት ተማርሽ ብላ ትገረምባታለች። በመጨረሻም አዲቼ ወደ ሜክሲኮ በሄደች ጊዜ ስለ ሜክሲኮ ሰዎች የነበራትን ነጠላ ታሪክ አስባ እንዳፈረች ትናገራለች። ሌላዋን የምትወቅስበት ክፍል በሁለቱም በኩል በራሷ ጉድለት ታጅቧል። አድማጩ «እኔንም እኮ እያለች ነው» ብሎ ሳይሸማቀቅ ራሱን ይመረምራል።

ሦስተኛዋ አውስትራሊያዊቷ ስቴላ ያንግ ናት። በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ሴት ነበረች። በ2014 ሲድኒ ላይ ባደረገችው ንግግር መግቢያ ላይ፣ 15 ዓመቷ ሳለ የሆነውን አወራች። አንድ ሰው ለሽልማት ሊጠቁማት ፈልጎ ወላጆቿን ያነጋግራል። ወላጆቿ ግን «ጥሩ ነው፣ ግን ምንም የሠራችው ነገር የለም» አሉት። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ አስተማሪ ሳለች አንድ ተማሪ «መቼ ነው አነቃቂ ንግግርሽን የምትጀምሪው?» እንዳላት አወራች። አሁን አድማጩ ራሱ ነገሩን ያያል፤ አካል ጉዳተኛ ሁልጊዜ ጤነኛውን ለማነቃቃት የተፈጠረ ተደርጎ ነው የሚታሰበው። ለችግሩ ስም የሰጠችው ከዚህ በኋላ ነው። ታሪክ፣ ሌላ ታሪክ፣ ከዚያ ስም። ብዙ ጀማሪ ተናጋሪዎች ግን ከስሙ ይጀምራሉ።

ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። ክሱን አዘግይተውታል፤ አልተዉትም። የሰባት ደቂቃ ንግግር ካላችሁ እኔ እንዲህ እከፋፍለዋለሁ። የመጀመሪያውን ደቂቃ ተኩል ለአንድ ሰው ታሪክ ስጡ፤ ፍረጃውን ገና አታንሡ። ቀጣዩን አንድ ደቂቃ አድማጩን ወደ ራሱ ትዝታ ለመውሰድ ተጠቀሙበት። «እናንተስ ማንነታችሁ ሳይታወቅ ያለ ስማችሁ የተጠራችሁበት ቀን አለ?» በሉና ለአፍታ ዝም በሉ። ከዚያ ፍረጃውን በስሙ ጥሩትና እውነቱ የት ድረስ እንደሆነ እመኑ። ትልቁን ጊዜ፣ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ጎዶሎውን ለመሙላት አውሉት። የቀረው ለተቃውሞው መልስና ለጥያቄያችሁ ነው።

ያቺን የትዝታ ደቂቃ አትዝለሏት። ዴቪድ ብሩክማንና ጆሽዋ ካላ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ያሳተሙት በማያሚ የተደረገ ጥናት አለ። ቤት ለቤት እየሄዱ አሥር ደቂቃ ያህል በማውራት ብቻ ጾታቸውን በቀየሩ ሰዎች ላይ የነበረው አሉታዊ አመለካከት ቀነሰ፤ ለውጡም ቢያንስ ለሦስት ወር ቆየ። ጎብኚዎቹ ስብከት አልሰበኩም። ሰውዬው እሱ ራሱ ከሌላው በመለየቱ የተፈረደበትን ጊዜ እንዲያስታውስ ይጠይቁት ነበር። መድረክና የቤት ደጃፍ አንድ አይደሉም። ዘዴው ግን ለንግግርም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 5፦ ቋንቋውን አንድ በአንድ ፈትሹ

ረቂቁ ካለቀ በኋላ እርሳስ ያዙ። መጀመሪያ የምትፈልጉት «ነው» እና «ናቸው»ን ነው። «ዝምተኞች ናቸው» እና «ባለፈው ስብሰባ ላይ አልተናገሩም» አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው በሩን ይዘጋል፤ ሁለተኛው «ለምን?» ያስብላል። አን ማስ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1989 ይህን አጥንታለች። በጣሊያን የፈረስ ውድድር የሚፎካከሩ ሰፈሮችን ሰዎች ወሰደች። ሰዎቹ የራሳቸውን ወገን መልካም ሥራና የተቀናቃኙን ክፉ ሥራ ሲገልጹ ባሕርይን በሚያሳዩ ጥቅል ቃላት ይናገራሉ። የተቀናቃኙን መልካም ሥራ ሲገልጹ ግን የተደረገውን ነገር ብቻ ይጠቅሳሉ። የእኛ ሰው ለጋስ ነው፤ የእነሱ ሰው ገንዘብ ሰጠ። ስለዚህ ረቂቃችሁ ላይ ያሉትን ቅጽሎች ወደ ግስ መልሱ። ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ?

ምስጋናም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። «ታታሪ ሕዝብ ናቸው» ማለት ፍረጃን በፍረጃ መቀየር ነው። ነገ አንዱ ሲሰንፍ ካየ አድማጩ የተታለለ ይመስለዋል። ይህን የምለው ብዙ ቀና ተናጋሪዎች የሚወድቁበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ ጅምላ ዓረፍተ ነገሮችን ፈልጉ። ማርጆሪ ሮድስና ባልደረቦቿ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ለአራት ዓመት ሕፃናትና ለአዋቂዎች «ዛርፒ» ስለሚባል የፈጠራ ሕዝብ ነገሯቸው። ለአንዳንዶቹ «ዛርፒዎች ጥንዚዛ ይፈራሉ» አሏቸው። ለሌሎቹ «ይህ ዛርፒ ጥንዚዛ ይፈራል» አሏቸው። የመጀመሪያውን የሰሙት፣ ነገሩ ከዛርፒ ጋር አብሮ የሚወለድ ጠባይ እንደሆነ የማሰብ ዝንባሌ አሳዩ። ልዩነቱ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ብቻ ነበር። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ለምን እንዲህ እንደሚጣበቅ ይህ ያስረዳል። የትኛዋ ሴት? መቼ? ምንን ብታውቅ? መልስ የለውም፤ ጉልበቱም እሱ ነው። በእናንተ ንግግር ውስጥ ግን ማን፣ የትና ስንት የሚለው አይጥፋ።

ሦስተኛው፣ ፍረጃውን እየደጋገማችሁ አታስተባብሉ። የተደጋገመ አባባል ውሸትም ቢሆን እውነት እየመሰለ እንደሚሄድ ከ1977 ጀምሮ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። «ሰነፎች አይደሉም፣ በፍጹም ሰነፎች አይደሉም» ስትሉ ጆሮ ላይ የሚቀረው ስንፍና ነው። ፍረጃውን አንድ ጊዜ፣ በቦታው፣ በግልጽ ተናገሩት። ከዚያ ወዲያ «ያ አባባል» ይበቃዋል። በምትኩ የሚያደርጉትን ተናገሩ።

ተውላጠ ስሞቹንም አስምሩባቸው። «እኛ» ስትሉ ማንን ይጨምራል? በምሳሌያችን «እኛ» የአገሬው ሰው፣ «እነሱ» መጤዎቹ ከሆኑ፣ ፍረጃውን እየተቃወማችሁ አጥሩን እየገነባችሁ ነው። በመጀመሪያ «እኛና እነሱ» ብላችሁ ብትነሡም፣ ወደ መጨረሻ «እኛ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይያዝ፤ «በዚህ መንገድ ላይ የምንኖር ሁላችን» እንደማለት። ዳግላስ ደግሞ ገና ያልተካፈለውን ነጻነት ለማሳየት «የእናንተ» እና «የእኔ»ን ሆን ብሎ ለያቸው። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። ሳያስቡበት የገባ ተውላጠ ስም ግን ይጎዳል።

ስለ ድግግሞሽ ሲነሣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦክቶበር 4 ቀን 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያደረጉትን ንግግር ሳልጠቅስ አላልፍም። አንዱን ዘር የበላይ፣ ሌላውን የበታች የሚያደርገው አስተሳሰብ እስካልተወገደ ድረስ፣ በየትኛውም አገር አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ መኖሩ እስካልቀረ ድረስ፣ የሰው የቆዳ ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ትርጉም መስጠቱ እስካልቆመ ድረስ እያሉ ይደረድራሉ። ዋናው ሐሳብ፣ ዘላቂ ሰላም ሕልም ሆኖ ይቀራል የሚለው፣ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አድማጩ እስትንፋሱን ይዞ ይጠብቃል። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «እስካል... ድረስ» እያላችሁ ሦስት ጊዜ ከደረደራችሁ በኋላ ስታስሩት ክብደት ያገኛል። ከሦስት ወይም ከአራት ግን አትለፉ። በአንድ ንግግር ውስጥም አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በጣም የሚያሳስበኝ ነው። የምትጠቅሱትን ሰው በምን አንደበት ታናግሩታላችሁ? ሶጆርነር ትሩዝ በባርነት የተወለደች ጥቁር ሴት ነበረች። በ1851 በአክረን፣ ኦሃዮ በተደረገ የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ተናገረች። አርሻለሁ፣ አጭጃለሁ፣ እንጨት ፈልጫለሁ፤ ከዚህ በላይ የሚሠራ ወንድ አለ ወይ? ስትል ጠየቀች። ስለ አእምሮም፣ የሴቷ መስፈሪያ ከወንዱ ቢያንስ እንኳ ትንሿን መስፈሪያዋን እንድትሞላ ለምን አይፈቀድላትም? አለች። ፍረጃውን ለአፍታ ተቀብላ በራሱ ላይ አዞረችው። ያኔውኑ በጋዜጣ የወጣው ጽሑፍ ይህን በጥሩ እንግሊዝኛ አስቀምጦታል።

ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ግን የጉባኤው ሰብሳቢ የነበረችው ፍራንሲስ ጌጅ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1863 ያሳተመችው ነው። በዚህኛው ላይ ትሩዝ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ባሪያዎች ይናገሩበታል በሚባል በተሰባበረ እንግሊዝኛ ትናገራለች። «እኔስ ሴት አይደለሁም?» የሚለው ታዋቂ ድግግሞሽም የመጣው ከዚህ ነው፤ በ1851ዱ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ትሩዝ የተወለደችው ኒው ዮርክ ግዛት ነው። አፍ የፈታችውም በደች ቋንቋ ነበር። ፍረጃን ለመስበር የቆመችን ሴት ንግግር፣ የምትደግፋት ሰው ራሷ የፍረጃ ልብስ አለበሰችው። እናንተም የጎረቤታችሁን ቃል ስትጠቅሱ አነጋገሩን እያኮላተፋችሁ አታቅርቡት። በገዛ ቋንቋው አንደበተ ርቱዕ እንደሆነ አስታውሱና ሐሳቡን በሙሉ ክብሩ አስቀምጡት።

ደረጃ 6፦ «እሷ እኮ ልዩ ናት» ከሚለው ወጥመድ አምልጡ

ብዙ ንግግር የሚሸነፈው እዚህ ነው። ተናጋሪው አንዲት ድንቅ ሴት ያቀርባል፤ በስደት መጥታ፣ ሌሊት ተምራ፣ ሐኪም የሆነች። አድማጩ ይነካል፤ ዕንባም ይመጣል። ከዚያ ወደ ቤቱ ሲሄድ «እሷ እኮ እንደ ሌሎቹ አይደለችም» ይላል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ይህንኑ ገልጾታል። ሰው የማይገጥም ማስረጃ ሲመጣበት አጥሩን ለአፍታ ይከፍታል፣ ያንን አንድ ሰው ያሳልፋል፣ መልሶም ያጥራል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአንድ ጀግና ይልቅ ሦስት ተራ ሰዎችን አምጡ። እርስ በርስም አይመሳሰሉ። አንዷ ተጫዋች ትሁን፣ አንዱ እውነትም ዝምተኛ ይሁን፣ ሦስተኛው ስብሰባ የማይወድ ይሁን፤ ስብሰባ የማይወድ ሰው የትም አለ። ቡድኑ ውስጥ ልዩነት ሲታይ «እነሱ» የሚለው ቃል መሠረቱ ይናጋል። ሁለተኛ፣ ከስኬት ይልቅ የዕለት ኑሮን አሳዩ። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ አውቶቡስ አምልጧት፣ ተናዳ የቆመች እናት ከሽልማት ተቀባይዋ ይልቅ ትቀርበናለች። ስቴላ ያንግም የተከራከረችው ለዚህ ነው፤ ለመከበር ድንቅ መሆን ሊያስፈልግ አይገባም።

የምታመጧቸው ሰዎች እውነተኛ ይሁኑ። ፈቃዳቸውንም ጠይቁ። የፈጠራ ታሪክ እውነት አስመስሎ ማቅረብ ከተነቃበት ንግግሩን ብቻ ሳይሆን የምትቆሙላቸውን ሰዎችም ይጎዳል።

ደረጃ 7፦ ተቃውሞውን እናንተው አንሡት

አድማጩ በልቡ የያዘውን ጠንካራ ጥያቄ ከእሱ በተሻለ ቋንቋ ተናገሩት። «እኛም እኮ ሞክረናል፤ ሰላም ብለን መልስ አጥተናል የሚል ሰው ይኖራል። አምነዋለሁ፤ ይህ ያሳዝናል።» ከዚያ መልሱ። ደካማውን ተቃውሞ መርጣችሁ ካሸነፋችሁ ግን አድማጩ ይታዘባችኋል።

ደረጃ 8፦ ትንሽና የሚሠራ ነገር ጠይቁ

«አመለካከታችንን እንለውጥ» ብሎ መጨረስ ምንም አለመጠየቅ ነው። በደረጃ 1 ያገኛችሁትን ምቾት ታስታውሳላችሁ? ጥያቄያችሁ እሱን ይንካ። «ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን አንድ በር እናንኳኳ፤ ሰዓቱንም እነሱን ጠይቀን እንወስን።» ይህ ሊደረግ ይችላል። መደረጉም ይታወቃል።

ደረጃ 9፦ ለሚመለከተው ሰው አንብቡለትና ተለማመዱ

ንግግራችሁ ከሚመለከታቸው ሰዎች ቢያንስ አንዱ አስቀድሞ ይስማው። «ጥሩ ነው ወይ?» አትበሉት፤ በይሉኝታ ጥሩ ነው ይላችኋል። «የቱ ጋ ከፋህ?» በሉት። ካስፈለገም መድረኩን ለእሱ ልቀቁለት። ስለ ራሱ መናገር ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የተሻለው እገዛ ይህ ነው።

ስትለማመዱ ጮክ ብላችሁ ይሁን። ንግግሩ የሚዞርበት ቦታ ላይ፣ ፍረጃውን በስሙ ከመጥራታችሁ በፊት፣ ቆም በሉ። ድምፃችሁን እዚያ ላይ ዝቅ አድርጉት እንጂ አትጩኹ።

ከንግግሩ በኋላ ለሚመጣው ጥያቄም ተዘጋጁ። አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔ ግን የማውቃቸው ሁሉ እንደዚያ ናቸው» ይላችኋል። አትከራከሩት። «ስንቱን በስም ታውቃቸዋለህ? ስለ አንዱ እስቲ ንገረን» በሉት። ማውራት ከጀመረ ስለ አንድ ሰው ነው የሚያወራው። ከዚያ ላይ ውይይቱን ቀጥሉ።